የኮስተሩ ክዳን

በሚሊኒየሙ ዋዜማ ክረምት የእድራችን ኮስተር አውቶቡስ መሪው አልዞር ብሎ ከበደ። ኮስተሩን እድሩ የገዛው ካዛንቺስ ውስጥ ከተዘጋ አንድ ሆቴል ነው፤ ያኔም አሮጌ ነበር። ለቅሶተኛ ወደ ቀብር ያደርሳል፣ ድንኳንና አግዳሚ ያመላልሳል። ሹፌሩ ዘነበ ነው። በዚያ ዓመት ወድቆ ግራ ትከሻውን ተጎድቶ ስለነበር፣ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር መሪውን የሚጠመዝዘው። ሰው አየው። ሊቀመንበራችን እትዬ ጀማነሽም አዩት።

“እሁድ ስብሰባ አለን” አሉት። “ግቢው ውስጥ አዙረህ ታሳየናለህ። ካልሆነልህ ቁልፉ ለቴዎ ይሰጣል። ሟች ልንሸኝ ሄደን ሌላ ሟች ይዘን አንመለስም።”

ቴዎ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ነገር የለበትም። ዘነበን ግን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከቤት የሚያወጣው ያ ቁልፍ ብቻ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ብቻ አይወራም።

እኔ የእድሩ ንብረት ጠባቂ ነኝ። ኮስተሩ የሚያድረው የዕቃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ የሆነውን ሁሉ እዚያው ተቀምጬ አየሁ፣ ሰማሁ።

ዘነበ የተሳሳተው ለቅሶ ቤት ውስጥ አፉን ሲከፍት ነው። “የመሪው ዘይት ጎድሎብኝ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ” አለ። በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ዘይት ይዞ መጣ። አንዱ ከጋራዥ የተረፈውን፣ ሌላው ከቤት መኪናው የቀነሰውን፣ በየሃይላንዱ። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ የሞተር ዘይት የሚመስል ጥቁርም አለ። እድር ላይ ደግሞ የመጣ ነገር አይመለስም። ንፍሮ ያመጣ ሰው ንፍሮው ይቀመስለታል፣ ባይጣፍጥም። ዘነበም ከየሃይላንዱ ትንሽ ትንሽ ጨመረ።

“ዘነበ፣ ዘይቱን አይተህ ነው የምትጨምረው ወይስ ያመጣውን ሰው አይተህ?” አልኩት።

“አስገዶም ከቡልጋሪያ ሰፈር ድረስ በዚያ ዝናብ በእግሩ ይዞት መጥቶ፣ ምን ብዬ ልመልሰው?”

ሁለት ቀን ሳይሞላው መሪው ሲዞር ማቃሰት ጀመረ። የመሪውን ዘይት ማጠራቀሚያ ስንከፍተው ዘይቱ እንደ ጠላ አረፋ ደፍቷል።

ዓርብ ዕለት አብሬው ፈትያ ጋ ሄድኩ። ፈትያ ቡልጋሪያ መለዋወጫ የምትሸጥ የእድራችን አባል ናት። ከማጠራቀሚያው የቀዳንላትን በጣቷ ነክታ፣ አሸተተችና ወደ ዘነበ ቀና አለች።

“ጋሽ ዘነበ፣ ይሄ ዘይት ነው ወጥ?”

“የእድር ነው።”

“መስሎኛል።” እጇን በጨርቅ ጠረገች። “ስሙኝ፣ ይሄን ሁሉ ያውጡት። ያ ኮስተር አሮጌ ጃፓን ነው፣ የሚፈልገው ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። አሁን የሚመጣው ለአዲስ መኪና የተሠራው አይሆነውም። የፍሬን ዘይት ደግሞ አንዲት ጠብታ እንዳትገባ። ፓምፑ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች ያሳብጣቸዋል፤ ያኔ በቃ፣ ፓምፕም አይኖርም፣ ኮስተርም አይኖርም። ቀዩን ነገ ራሴ ይዤ እመጣለሁ።”

ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አነሳናቸው። ዘነበ የዘይት መመለሻውን ቱቦ ፈታ፤ እኔ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ሳዞር ያ ድብልቅ ባልዲ ውስጥ ወረደ። በዚህ መሃል እትዬ ጀማነሽ አንድ ያልተከፈተ ጣሳ በፌስታል ይዘው ገቡ።

“ይሄን አድርግበት” አሉት። “የታዲዎስ ነው። አልጋ ሥር አገኘሁት።”

ታዲዎስ ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ ከዘነበ በፊት ኮስተሩን የሚነዱት እሳቸው ነበሩ። ዘነበ ጣሳውን አገላብጦ አየው። የፍሬን ዘይት ነው።

“እትዬ፣ ይሄ ለፍሬን ነው። ለመሪ አይሆንም።”

“የኮስተሩን ክዳን እየው እስቲ። ታዲዎስ የገጠመው ክዳን ነው፤ ልጄ ራሄል ባለፈው አንብባልኛለች። የፍሬን ዘይት ብቻ ጨምሩ ይላል።”

ክዳኑን ከማጠራቀሚያው አንስቼ የፈረንጁን ፊደል ለቀም ለቀም አድርጌ አነበብኩት። እንዳሉት ነው። ዘነበ እኔን አየኝ።

“ይላል” አልኩ።

ዘነበ ጣሳውን እንደያዘ ቆመ። በማግስቱ ቁልፉን የሚሰጡትም የሚነሱትም እኚሁ ሴትዮ ናቸው። የስንቱን ሃይላንድ እሺ ብሎ የተቀበለ ሰው፣ የሳቸውን ቢቀበል ማንም አይፈርድበትም። በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ።

“አይገባም እትዬ” አለና ጣሳውን መለሰላቸው። “ክዳኑ ምንም ይበል፣ እኔ አልጨምረውም።”

“ታዲዎስ አያውቅም ነበር እያልከኝ ነው?”

“እንደሱ አላልኩም።”

“ታዲያ ምን አልክ?”

ዘነበ ወደ ቱቦው ጎንበስ አለ። እትዬ ጀማነሽ ጣሳውን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱ፤ ግን አልሄዱም፣ በራፉ ጋ ቆሙ። ፈትያ ቀዩን ዘይት ይዛ ስትመጣ ሦስታችንም ዝም እንዳልን አገኘችን።

“ምነው፣ ለቅሶ አለ?” አለች። ከዚያ እጄ ላይ ክዳኑን አየችው። “ይሄ ነገር እስካሁን አለ? እኔ እኮ ነኝ የሰጠኋቸው።”

“ለማን?” አሉ እትዬ ጀማነሽ።

“ለጋሽ ታዲዎስ ነዋ። የራሱ ክዳን ወድቆ ጠፋብኝ ብለው መጡ። ለኮስተር የሚሆን አልነበረኝም፤ ከላዳ የፍሬን ማጠራቀሚያ የወጣ ነበረኝ፣ ሞክረው ገጠመላቸው። ጽሑፉ ለሌላ ነው እኮ ብላቸው፣ ‘አቧራውን ይከልክልልኝ እንጂ አስተምረኝ አላልኩትም’ አሉኝ። ዘይቱንማ ሁሌም ቀዩን ነበር ከኔ የሚወስዱት።”

እትዬ ጀማነሽ ፌስታሉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

“ይሄስ ታዲያ?”

“የቤታችሁ መኪና ምን ነበር?”

“ላዳ” አሉ። “አዎ። ላዳው ፍሬን ያስቸግረው ነበር።”

ዘነበ እየጨመረ እኔ እያዞርኩ፣ የሚወርደው ዘይት ጥርት ያለ ቀይ እስኪሆን ድረስ አጠብነው። ከዚያ ቱቦውን አስሮ ሞላው። እትዬ ጀማነሽ እስኪያልቅ ቆመው አዩ።

እሁድ አባላቱ ከዝናቡ ተጠልለው ቆርቆሮው ሥር ቆሙ። ዘነበ ኮስተሩን አስነሳ። ግቢው ጠባብ ነው፤ አንድ ጎን የድንኳን ብረት አለ፣ በሌላው አግዳሚ ተደርድሯል። መሪውን አንድ ጊዜ እስከ ዳር ጠምዝዞ ዞረ። ከወንበሩ አልተነሳም፣ መሪውም አላቃሰተም። ወደ ግራ ሲመልሰው ብቻ ቀኝ እጁን ረዘም አድርጎ ተጠቀመ። ይህን ያየነው ልብ ብለን የምንከታተለው ብቻ ነን።

“ትከሻህስ?” አሉት እትዬ ጀማነሽ በመስኮቱ።

“አለች፤ ታመኛለች። መሪው ግን አሁን አይታገለኝም።”

ቴዎ “ተመስገን፣ በቃ ተገላገልኩ” አለ። “ለቅሶ ቤት ፊቴን ምን እንደማደርገው ግራ ይገባኛል።” ሰዉ ሳቀ።

እትዬ ጀማነሽ አልሳቁም። ስለ ቁልፉም ምንም አላሉም። ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ “ነገ የጎረቤታችን የጥሩዬ አባት አርባ ነው” አሉ። “መጀመሪያ እኔ ጋ ና። ያን ሁሉ ድስት ብቻዬን አልሸከምም።”

“እሺ እትዬ። ስደርስ ጥሩምባ ልንፋ?”

“ውረድና አንኳኳ። ፌርማታ አይደለሁም።”