የሰባተኛዋ ሳህን ሰዓት

ይመኙሻል ሰባተኛዋን ሳህን የምትወክለውን ጥቁር ነጥብ ግራፏን በሠራችበት ግልጽ የማሳያ ፕላስቲክ ላይ ለጥፋ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ሳለች፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ አጣቢ ጋሽ ኣብራሃለይ የታጠቡ ብርጭቆዎች የተደረደሩበትን ጋሪ እየገፉ ገቡ።

"ለነገው ነው?"

"አዎ፣ ጋሽዬ። በአምስተርዳሙ ጉባኤ አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል።"

"በይ እንግዲህ፣ ፈረንጅን አስተምሪልን" ብለው ከጀርባዋ ቆመው ግራፉን ተመለከቱ።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1986 ነበር። ይመኙሻል በስደት መጥታ፣ የላቦራቶሪ ትምህርቷን ከክፍሏ አንደኛ ሆና ጨርሳ፣ በዚህ የሮተርዳም ቤተ ሙከራ መሥራት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የምታጠናው መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣውን የባክቴሪያ መርዝ ነው። መርዙ ነርቭን አይገድልም፤ "ተው፣ በቃህ" የሚለውን መልእክት ብቻ ያፍናል። ከልካይ ያጣው ነርቭ ያለ ዕረፍት ይተኩሳል፤ ጡንቻ ይገተራል፤ መንጋጋ ይቆለፋል።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከአይጥ አከርካሪ የተወሰዱ ነርቮች ባደጉባቸው አሥር ሳህኖች ላይ ጠዋት መርዙን ጨመረች፤ ከዚያም ለእያንዳንዷ ሳህን በተለያየ ሰዓት ፀረ መርዝ ሰጠች። ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ መርዝ ከገባ በኋላ መድኃኒት እስከ መቼ ይደርሳል? ሳህኖቹ እንደተጠበቀው መለሱ፤ ቶሎ የታከመው ዳነ፣ የዘገየው አልዳነም። ሰባተኛዋ ብቻ፣ ከስድስት ሰዓት በላይ ቆይታ ታክማ፣ በማግስቱ የነርቮቹን ምት በሚመዘግበው መቅጃ ወረቀት ላይ የረጋ መስመር አሰመረች። አራተኛዋ በአንጻሩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ታክማ ስትንቀጠቀጥ አደረች፤ እሷን የተበከለች ናት ብለው ከግራፉ አወጧት። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ፎስ፣ "አንዲት ሳህን ማስረጃ አትሆንም፤ ጥያቄ ግን ትሆናለች" ብለው የይመኙሻልን ስም ለጉባኤውም ለአንዲቱ የዶክትሬት ቦታም አስገቡ።

"ሰባተኛዋ ከሰዓት በኋላ ናት እንዴ የምትዪው?" አሉ ጋሽ ኣብራሃለይ።

"አዎ፣ በፈረንጆቹ አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት ላይ።"

"ኧረ ጓለይ፣ ልጄ፣ እሷን የጻፍኩልሽ ጠዋት ነው። ለሻይ ከመውረዴ በፊት።"

"ቅጹ ላይ ግን ሦስት ከሩብ ብለው ጽፈዋል።"

"ታዲያስ፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበራ። በአማርኛ ጠየቅሽኝ፣ በአማርኛ አየሁልሽ።"

ይመኙሻል ፋይሉን ከመደርደሪያው አወረደች። ያን ቀን ሌላውን ሰዓት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈችው ራሷ ነበረች። ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሁለቱም እጆቿ መርዙ በሚያዝበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ሳሉ፣ "ጋሽዬ፣ ስንት ሰዓት ነው? ይጻፉልኝ" ብላ ነበር። ከቀናት በኋላ ቅጹን ወደ መዝገቡ ስትገለብጥ ሁለቱንም እንደ ሌሎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር አነበበቻቸው።

"አራተኛዋስ?" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ዘጠኝ ከሩብ። ወደ ቤት ልሄድ ስል።"

ሁለቱ ሳህኖች ቦታ ተለዋውጠው ነበር። ጠዋት የታከመችው ከሰዓት በኋላ የታከመች መስላለች፤ የዘገየችው የቀደመች መስላለች። ጉንጮቿ ጋሉ።

"አበላሸሁብሽ?" አሉ ጋሽ ኣብራሃለይ። "ጎንደር ሆስፒታል ሃያ ዓመት ድሬሰር ሆኜ ስሠራ ያለ ሰዓቱ የወጋሁት በሽተኛ የለም። እነዚህ ሆላንዶች ናቸው ሦስት ተኩልን 'ግማሽ አራት' የሚሉት። ገና ያልመጣውን አራት ምን ብለው ይገምሱታል?"

ይመኙሻል ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። ይህን የሚያውቁት እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

"ሂጂና ለዶክተሩ ንገሪ" አሉ፣ ያሰበችውን የሰሙ ይመስል። "ሽማግሌው ኣብራሃለይ አሳሳተኝ በዪ። እኔን ከብርጭቆ አጣቢነት ወዴት ያወርዱኛል?"

ዶክተር ፎስ ቆመው አዳመጧት። እርሳስ አንስተው ሰባተኛዋን ወደ ጠዋት አዛወሩ፤ የወጣችውን አራተኛ በእሷ ቦታ አስገቡ። አሥሩም ሳህኖች በአንድ መስመር ላይ ዋሉ።

"የሚያምር መስመር ነው" አሉ። "አዲስ ነገር ግን የለውም። መርዙ አንዴ ነርቭ ውስጥ ከገባ መድኃኒቱ አይደርስበትም። ንግግርሽን እንሰርዘው። ምክንያቱን 'ረዳት ሠራተኛ የፈጸመው የምዝገባ ስህተት' ብለን እንጻፍ፤ ያኔ የዶክትሬት ቦታሽ አይነካም።"

"ረዳቱ የጻፉት ትክክል ነው፣ ዶክተር። ስህተቱ የተፈጠረው ወደ መዝገቡ ሲገለበጥ ነው። የገለበጥኩት እኔ ነኝ።"

"የዶክትሬት ኮሚቴው ይህን ያነብበዋል እኮ።"

"ያንብበው። አሥሩን ደቂቃ ግን አልመልስም። የተጣለችው ሳህን ወደ ቦታዋ ስትመለስ መስመሩ ምን ያህል እንደጠራ አሳያለሁ። በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር የምንኖር ሰዎች በየቤተ ሙከራው እየገባን ነው፤ እኔ የሳትኩትን ሌላው እንዳይስት እናገራለሁ።"

ዶክተር ፎስ እርሳሱን አስቀመጡ። "ስለ ቦታው ቃል አልገባልሽም" አሉ በመጨረሻ።

"አልጠየቅኩዎትም።"

ስትመለስ ጋሽ ኣብራሃለይ ከጋሪው አጠገብ እንደቆሙ ነበሩ። አዲስ ፕላስቲክ ዘረጋች፤ አሥሩን ነጥቦች ሳትቸኩል በየቦታቸው ለጠፈች። ከግርጌ፣ ሥራውን የሠሩት ሰዎች ስም በሚሰፍርበት መስመር፣ የዶክተር ፎስንና የራሷን ስም በተለጣፊ ፊደላት ደረደረች፤ ከዚያ ትንሽ ቦታ ትታ ቀና አለች።

"ጋሽዬ፣ የአባትዎ ስም ማን ነው?"

"ምን ልታደርጊው?"

"ሰዓቱን የመዘገቡት እርስዎ ነዎት።"

ጋሽ ኣብራሃለይ እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ገብረሥላሴ" አሉ። "ፊደሉ እንዲበቃሽ ቆጥረሽ ጀምሪ፤ ረጅም ነው።"