የግራኟ ማድቤት

ምን አለሽ ተራ ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ሙሉብርሃን እጁ የተባረከ አናጢ ነው። አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ ደንበኛው ከተናገረው ይልቅ ራሱ ያሰበውን ይሰማል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የምፈልገውን በደንብ ነግሬዋለሁ፤ በወረቀትም ሥዬ ሰጥቼዋለሁ። የቢላ መሳቢያው ከዕቃ ማጠቢያው በስተግራ ይሁን። መክተፊያ ጠረጴዛው በስተግራ፣ ስቶቩ በስተቀኝ። የቁምሳጥኖቹ ማጠፊያም በቀኝ ሆኖ መዝጊያው ሁሉ ወደ ቀኝ ይከፈት። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አስረዳሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ «ችግር የለም፣ እትዬ በድሪያ» አለኝ። መርካቶ ውስጥ «ችግር የለም» የሚል ሰው ሲያጋጥም መጠንቀቅ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ዚፕና የልብስ ቁልፍ እየሸጥኩ ይህ ጠፋኝ።

ለምን እንደዚያ እንደምፈልግ ግን አልነገርኩትም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልጅ ሳለሁ ኮምቦልቻ እናቴ ግራ እጄን በመቀነቷ ከወገቤ ጋር ታስርብኝ ነበር። «ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» ትለኛለች። በቀኜ መብላት ተማርኩ፤ እሱ ሱና ነው፣ አልከራከርበትም። መክተፉ፣ መላጡ፣ ማማሰሉ ግን ለቀኝ እጄ እስከ ዛሬ የሰው አገር ነው። ዘከሪያን አግብቼ እዚህ አዲስ ከተማ ስመጣ፣ አማቴ እማማ ዘሀራ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ማማሰያ በግራዬ ይዤ አዩኝ። «በግራ የተማሰለ ወጥ ማን ሊቀምስ ነው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት በቀኝ፣ በር ዘግቼ በግራ ሆነ ኑሮዬ። እንዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ። ባሌ «ምነው ማድቤት ስትገቢ በሩን የምትቆልፊው?» ሲለኝ «ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ነው» እለዋለሁ። ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ሲያይ ደግሞ «ቸኩዬ ነው» እለዋለሁ።

እማማ ዘሀራ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ጥላሸት የጠገበውን ግድግዳ፣ ከሳሙና ሳጥን ጣውላ የተመታውን መደርደሪያ አስፈርሼ በዋንዛ ላሠራ ቆረጥኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ በሩን ሳልዘጋ የምሠራበት ማድቤት።

ሐሙስ ከሱቅ ስመለስ ተገጥሞ አገኘሁት። ዋንዛው ያበራል። ሙሉብርሃን ጥግ ላይ መሣሪያውን ይሰበስባል። ጎረቤቴ ሸዋርካብሽ ቀድማኝ ገብታ ዕቃዬን ሁሉ ደርድራልኛለች። አንዱን መሳቢያ ስባ ሌላውን እየገፋች «እሰይ! እንኳን ለዚህ አበቃሽ!» ትላለች። ዘከሪያ «ማሻ አላህ» ይላል። እኔ ቢላ ላነሳ ግራ እጄን ሰደድኩ። እጄ ቀዝቃዛ ስቶቭ ላይ አረፈ።

መሳቢያው በቀኝ ነው። ጠረጴዛውም በቀኝ ነው። መዝጊያዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ይከፈታሉ።

«ሙሉብርሃን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አስተካክዬልዎ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ሥዕሉ ላይ ግራና ቀኙ ተምታቶብዎት ነበር። እንዳላሳፍርዎ ብዬ ዝም ብዬ አዞርኩት።»

ወላሂ ልሳደብ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሰውየው ውለታ የዋለልኝ መስሎታል።

«ፍታው» አልኩት።

«እትዬ?»

«ፍታውና እንደ ሥዕሉ ግጠመው።»

ዘከሪያ ጣልቃ ገባ። «በድሪያ፣ እንዲህ አምሮ! ደግሞስ ሠላሳ ዓመት የሠራሽው በዚሁ በኩል አይደል?»

«ተይ እቴ» አለች ሸዋርካብሽም። «ለዚህ ብለሽ ታስፈርሻለሽ? በሳምንት ትለምጂዋለሽ።»

ትለምጂዋለሽ! ይህችን ቃል እናቴም ብላኛለች፣ አማቴም ብለውኛል። አለመድኩም። ተናደድኩ፤ ከሁሉም ይልቅ በራሴ ተናደድኩ። አናጢው ምን ያድርግ? ምክንያቱን ደብቄ ትእዛዙን ብቻ ሰጠሁት። አሁን ወይ እናገራለሁ፣ ወይ ይህን የሚያምር ማድቤት እስክሞት እየቆለፍኩ እሠራበታለሁ።

ሸዋርካብሽ ከገበያ ይዛው ከመጣችው ዘንቢል አንድ ሽንኩርት አነሳሁ። ወገቤን አጣምሜ ከቀኙ መሳቢያ ቢላውን በግራ እጄ አወጣሁ። ሦስቱም እያዩኝ ከተፍኩት፤ ስስና እኩል አድርጌ።

«እኔ ግራኝ ነኝ» አልኩ። «ስፈጠርም ግራኝ ነኝ።»

ሸዋርካብሽ አማተበች። ከሽንኩርቱ ቆንጥራ ወደ መስኮቱ አንስታ አየችና «ታዲያ ይሄን ያህል ዘመን በቀኜ ስፈጀው የኖርኩት እኔ ነኛ!» አለች።

ዘከሪያ ግን ሽንኩርቱን አላየም። ክንዴን ነው ያየው።

«ቸኩዬ ነው ትይኝ የነበረው…»

«በቀኜ ድስት ሳወርድ ነው። እናትህ ቆመው ያዩኝ ነበር።»

ወደ አናጢው ዞሮ «ፍታው» አለ።

ሙሉብርሃን ራሱን አከከ። «የአራት ቀን ሥራ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ።»

«ግማሹ የኔ ነው» አልኩት። «አሁን ግን ሥዕሉን ይዘህ ሥራ።»

በአራተኛው ቀን ጨረሰ። በማግስቱ ጠዋት በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ቲማቲም ስከትፍ ዘከሪያ ሻይ ሊያፈላ ገባ። ማንኪያ ብሎ የቀኙን መሳቢያ ሳበ፤ ክብሪትና ጨርቅ ብቻ አገኘ። ስኳር ብሎ ቁምሳጥን ሲከፍት መዝጊያው ክርኑን መታው። መሀል ወለሉ ላይ ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ ግድግዳውን አየ።

«ኧረ ግራ ገባኝ!» አለ።

«እኔን ግራ ከገባኝ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው» አልኩት፣ ከመክተፊያው ቀና ሳልል። «አንተን ገና ዛሬ መግባቱ ነው።»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ማንኪያውን ራሱ ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ አልረዳሁትም።