ወፏ ስለ ሽቦው የነገረችው

ደምሌ ሲዋሽ የወገዳ ከተማ ሥራ ትፈታ ነበር። አዲስ አበባ ላይ እሱ በሰቀለው አምፖል የተነሳ ዶሮዎች ሌሊቱ ጠፍቶባቸው በቀን ሦስት ጊዜ ይጥላሉ ሲል፣ ሰው ሆዱን ይዞ እየሳቀ «አውራ ዶሮውስ?» ይለዋል።

«አውራ ዶሮውማ መቼ እንደሚጮህ ግራ ቢገባው መነኮሰ!»

ማንም አያምነው፣ ማንም አይቀየመው። የታመነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጉዱም ያን ጊዜ መጣ።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ለወገዳ አዲስ ፍርድ ቤት ተሠራላት። ዘጠኝ ክፍል ያለው የድንጋይ ግንብ፣ ልስኑ ኖራ። መብራት የሚሰጠው ሞተር ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወዲህ የመኪና መንገድ ስለሌለ አርባ ሰው በወሳንሳ ተሸክሞት መጣ። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ትልቅ ሰው የሞተ መስሏት ሙሾ አወረደች፤ ተሸካሚዎቹም ደክሟቸው ነበርና አብረው አለቀሱ ይባላል። ሽቦውን የሚዘረጋ ሰው ሲፈለግ ደምሌ «እኔ እያለሁ!» አለ። አዲስ አበባ ለአንድ የኢጣልያ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስምንት ወር መሰላል ይዞ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ አቀብሎ ነበርና ይህችኛዋ ግማሽ ውሸት ብቻ ናት።

ለሽቦው ማሳለፊያ ግድግዳውን ሲፈለፍል መሮው ቶሎ ቶሎ ይዶለዱማል። የሚስልለት ቀጥቃጩ ገብሬ ነበር፤ ሰው «ዓይኑ ይበላል» እያለ የሚሸሸው ሽማግሌ። «ጋሼ» ብሎ የሚጠራው ደምሌ ብቻ ነው።

«ምን ልክፈልዎ ጋሼ?»

«አንድ ውሸት» ይላል ገብሬ ወናፉን እየነፋ። ደምሌ ይነግረዋል፤ ገብሬ እሳቱ እስኪጠፋ ይስቃል።

እንግዲህ ያ የኢጣልያ ሰው አንድ ወፍራም መስመር በጣሪያው ሥር ያሳልፍና ለየክፍሉ ከዚያው ቅርንጫፍ ያወጣ ነበር። ደምሌ ያን ጊዜ መሰላሉን ይዞ የሚያየው መንገደኛ ሴቶችን ስለነበር ይህን አላስተዋለም። ለእያንዳንዱ አምፖል ከሞተሩ ቤት ጀምሮ ለብቻው ሁለት ሁለት ሽቦ ጎተተ። ስድስተኛው ክፍል ላይ ሽቦው አለቀ። ልስኑ ደርቋል። ዳኛው የሚያስችሉበት ትልቁ አዳራሽ ጨለማ ሊሆን ነው፤ ለምረቃው የቀረው አንድ ሳምንት ነው።

ተሳሳትሁ ማለት አንዲት ቃል ናት። ደምሌ ግን ያቺን ቃል ማውጣት አቃተው። «አንድ ጥቅል ሽቦ ተሰረቀብኝ» አለ። ሌላ ይላካል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል ብሎ ነበር። ባለ ፒንሳው ደምሌ የአገሩን ሕግ ረስቶታል። ጭቃ ሹሙ ታፈረ በማግስቱ አውጫጭኝ አስጠራ።

አውጫጭኝ ቀልድ አያውቅም። አገሬው ሁሉ ሜዳ ይወጣል፤ ሌባው ሳይገኝ ማንም ቤቱ አይገባም። ያየ ሰው እንዳይታወቅ ጋቢ ተከናንቦ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ይቀርብና «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ የሚያውቀውን ይናገራል። ወፍ ሆኖ የመጣው ማን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ እስከ መቃብር አያወጡም።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ገብሱ አውድማ ላይ እንደተዘረጋ ነው፣ ሰማዩ ደግሞ ያለ ወቅቱ ጠቁሯል። ሰው ሰማዩን እያየ ይቀመጣል፤ ደምሌ መሬቱን እያየ ይቀመጣል። እናቱ ይታይሽ ተነሥታ ማለች።

«ልጄ ስለ ዶሮ ይዋሻል እንጂ ስለ ሰው አይዋሽም!»

ሰው ሳቀ፤ ግን እውነቷን ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ደምሌ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

በሁለተኛው ቀን አንዱ ብድግ አለ። «ሽቦ ለማን ይጠቅማል? ለቀጥቃጭ! አምባር ሊሠራበት ነው!» ሴቶቹ አምባር ያለበት እጃቸውን ነጠላ ውስጥ ከተቱ። ሁሉም ወደ ገብሬ ዞረ።

ገብሬ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ደምሌን ጠይቁት። መሮውን ስስልለት ሽቦውን ነክቼ አውቃለሁ?»

ሺህ ውሸት የሚፈላበት ያ አፍ ሁለት ቃል ብቻ አወጣ።

«እኔ እንጃ» አለ ደምሌ።

ከዋሻቸው ሁሉ አጭሯ እሷ ናት። ገብሬ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንግዲያው ወፍ ካልመጣ ገብሬ ዛሬውኑ ይታሰራል፤ ጎጆውም ፈርሶ ይፈተሻል» አለ ታፈረ። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ የወደቀችው ያኔ ነው።

ደምሌ ከአንድ ጎረቤቱ ጋቢ ለምኖ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተከናንቦ፣ በሌላ በኩል ዞሮ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተንበረከከ።

«ተናገር» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ።

«ወፍ ነገረችኝ። ሽቦው አልተሰረቀም። ግድግዳው ውስጥ ነው።»

«ማን ከተተው?»

«እሱን እንኳ ወፏ አላየችም።»

«ግድግዳ ሰርስራ ሽቦ ያየች ወፍ ሰውዬውን ሳታይ ቀረች?»

«ደምሌ ነው፣ አባቴ።»

«የትኛው ደምሌ?»

«የይታይሽ ልጅ። ሥራውን አያውቀውም። አላውቅም ማለት አፍሮ ነው።»

«አንተስ ማነህ?»

«ወፍ ነኝ።»

መሪጌታ ከጋቢው ሥር የወጡትን እግሮች አዩ፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ኖራ ነበሩ። «ወፍ ሆይ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኛ ስምህን አናወጣም፤ ሕጉ ነው። የቀረው ያንተ ፈንታ ነው።»

ከዚያ ተነሥተው «ዕቃው አልተሰረቀም! ወደ አውድማችሁ!» ብለው ጮኹ። ሰው ሮጠ፤ ዝናቡ ግን ቀደመው። የገብሱ እኩሌታ ራሰ። እየሮጡም «ቀጥቃጩ በመተት መልሶት ነው» ሲባባሉ ደምሌ ሰማ።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ፍርድ ቤቱ ደጅ ቆመ። «ሽቦውን የጨረስሁት እኔ ነኝ! ገብሬ ንጹሕ ነው!» ብሎ የራሱን ልስን ይፈነቅል ጀመር። ሰው ተሰበሰበ። ሽቦው እንደ በግ አንጀት እየተጎለጎለ ወጣ፤ ማለቂያም የለው። «ደምሌ፣ ዶሮዎቹስ?» ያለው አልነበረም። ይታይሽ መጥታ ከግንቡ ሥር ተቀመጠችና ፊቱን ሳታይ ሽቦውን ትጠቀልል ጀመር።

ቀትር ላይ መሮው ዶለዶመ።

ሌላ ቀጥቃጭ በአገሩ የለም። ገብሬ መሮውን ተቀበለው፣ አጋለው፣ ቀጠቀጠው፣ ውኃ ነክሮ ሰጠው። ደምሌ ዋጋውን ሊከፍል እንደ ልማዱ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ጋሼ፣ አንድ አምፖል ሰቅዬ…»

ገብሬ ወናፉን አነሣ። «ሂድ፤ ሰው ይጠብቅሃል» አለው፣ ዓይኑን ከእሳቱ ሳያነሣ።

ደምሌ ተነሥቶ ሄደ። ያቺን ውሸት እስከ ዛሬ አልጨረሳትም።