ነጭ ሱሪ ለብሶ መጣ

እንዳላማው ከውጭ አገር ሕክምናው ሲመለስ በከተማችን በአምበር መናኸሪያ ከአውቶቡስ የወረደው ነጭ ሱሪ ለብሶ ነው። ነጭ ሱሪ! እኔ ደመላሽ ነጭ ሱሪ ከለበስኩ ሦስት ዓመቴ። ሰዉ እልል ሲል እኔ ሱሪውን አያለሁ። ፊቱን እንኳ ያየሁት ቆይቼ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሁለታችንንም የፕሮስቴት ካንሰር ያዘን። ለሰው ግን "ኩላሊት ነው" ነው የምንለው፤ በእኛ አገር ወንድ ልጅ ስለዚያ ሰፈር አያወራም። መጀመሪያ የታመምኩት እኔ ነኝ። ቀደዱኝና ጠቅላላውን አወጡልኝ። ዳንኩ፣ ተመስገን፤ ግን ሽንቴ ከዚያ ወዲህ አልታዘዘኝም። ሳስል ያመልጠኛል፣ ስስቅ ያመልጠኛል። አንዳንዱ ላይ እንዲህ ይደርሳል አሉኝ፤ ያ አንዳንዱ እኔ ሆንኩ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰውዬ እንደ ሕፃን ዳይፐር ታጥቄ እውላለሁ። ጥቁር ሱሪ የማዘወትረውም ለዚሁ ነው።

እንዳላማው እህል ነጋዴ ነው፤ ጎረቤቴም አብሮ አደጌም ነው። "አንተም ተመርመር" ብዬ እጁን ጎትቼ ደብረ ማርቆስ ወስጄ ደም ያሰጠሁት እኔ ነኝ። በጊዜ ተገኘለት። ልጁ ያለምዘውድ ደግሞ ወደምትሠራበት አገር ወሰደችውና በድምፅ ሞገድ አሳከመችው። ቢላዋ የለ፣ ስፌት የለ! እኔ ባልጎትተው ኖሮ ይህን ከየት ያገኘው ነበር? እሱ ግን ላገኘው ሁሉ "ዕድለኛ ነኝ" ይላል። ዕድለኛ!

በመጣ በማግስቱ ከባለቤቴ ከአይናለም ጋር ልንጠይቀው ሄድን።

"መምህር፣ ይህን ነገር የምትረዳው አንተ ነህ" አለኝ። "መጀመሪያ ኤም አር አይ በሚሉት አነሡኝ። በሽታው ሽምብራ ታህላለች፣ ያለችውም ባንድ ጎን ብቻ ነው። አስተኙኝና በኋላ በኩል መሣሪያ አስገብተው፣ እሷኑ በምስል እያዩ በድምፅ አቃጠሏት። ሌላውን አልነኩብኝም። ይኸው የሽንት ቱቦውን ካወጡልኝ ወዲህ ጠብ የሚል የለ!"

ገብቶኛል። ከተማሪዎቼ ጋር ፀሐይን በአጉሊ መነጽር እየሰበሰብን ስንት ገለባ አቃጥለናል፤ የሚነደው ብርሃኑ የተሰበሰበበት ነጥብ ብቻ ነው። ድምፅንም እንዲሁ ይሰበስቡታል። ነገሩ መግባቱ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ።

ከዚያ የሐኪም ቤቱን ደብዳቤ አወጣ፤ በእንግሊዝኛ ነው። ከግብር ወረቀት ጀምሮ ደብዳቤ በመጣለት ቁጥር የማነብለት እኔ ነኝ። "አንብብልኝ" አለኝ። "ልጄ እንዳልጨነቅ እያለች ክፉውን ትደብቀኛለች። አንተ አትዋሸኝም።" ወረቀቱን ሲሰጠኝ ወደ ሱሪዬ አየት አደረገና፣ አይናለም እየሰማች፣ "አንተስ ያ ነገር አሁንም አልተወህም? አይ ወንድሜን!" አለ።

ምነው ባላለ! አይናለም አንገቷን ደፋች።

ደብዳቤው ግልጽ ነበር። የተቃጠለው የታየው ብቻ ነው፤ በቀረው በኩል በሽታው ሊነሣ ስለሚችል በየሦስት ወሩ ደም ይስጥ፣ በዓመቱ እንደገና ምስል ይነሣ ይላል። እኔ ግን "ድነሃል ነው የሚለው። ጨርሰሃል!" አልኩት። ወረቀቱንም "እኔ ጋ ይቀመጥ" ብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ቤቴ ስደርስ "ነገ እነግረዋለሁ" አልኩ። በነጋታው በዚያ ሱሪው ገበያ መሐል ሲንጎራደድ አየሁትና ተውኩት። ሦስት ወር ሞላ። አንድ ቀን እየሳቀ፣ "ልጅቱ ደም ስጥ ብላ ጨቀጨቀችኝ፤ ደመላሽ አንብቦታል፣ እንዲህ የሚል የለበትም ብዬ ዘጋሁባት" አለኝ። ያኔ እንኳ መናገር ነበረብኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና "ሴት ልጅ መቼም ጭንቀት አታጣም" አልኩ። ምን ልደብቃችሁ፣ ከእሷ ይልቅ እኔን ማመኑ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሰባተኛው ወር የገብርኤል ማኅበራችን የጽዋ ተራ ለእንዳላማው ደረሰ። እኔ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጠላውን በከንፈሬ ብቻ እነካለሁ፤ ከጠጣሁ ጉዴ ይፈላል። ሰዉ ሲወጣ እንዳላማው ወደ ጓዳ ጠራኝ።

"ለካስ የአንተም መላ አለው!" አለኝ ፊቱ በርቶ። "ያለምዘውድን ሐኪሞቹን ጠይቂልኝ እያልኩ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቻት ነበር። ሽንት የሚይዝ ነገር በቀዶ ጥገና ያስገባሉ አሉ። የምርመራ ወረቀትህን ስጠኝና ልላክላት። ነጭ ሱሪ አብረን ነው የምንለብሰው!"

እኔን መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ! እኔ ስቀናበት እሱ ለእኔ ሐኪም ያስጠይቃል። ደብዳቤው ሰባት ወር ሙሉ ከደረት ኪሴ አልተለየም ነበር። አወጣሁትና አንድ ቃል ሳላስቀር አነበብኩለት።

"ያን ጊዜም ይህንኑ ነበር የሚለው?" አለኝ።

"ይህንኑ።"

"ታዲያ ለምን?"

"ቀናሁብህ" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ሄድን። ና አላለኝም፣ አትምጣም አላለኝም። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲያይ ደረስን። ደም ሰጠ። ከሰዓት በኋላ የላቦራቶሪዋ ልጅ ውጤቱን በመስኮት አቀበለችው። በእንግሊዝኛ ነው። እንደ ወትሮው እጄን ዘረጋሁ።

እንዳላማው እጄን አየና ወረቀቱን ለልጅቱ መለሰላት። "ልጄ፣ አንቺ አንብቢልኝ።"

"የፕሮስቴቱ ቁጥር ከፍ ብሏል አባባ" አለች። "እንደገና ኤም አር አይ መነሣት ይኖርብዎታል። እስካሁን የት ቆዩ?"

ወደ እኔ አልዞረም። "ድገሚልኝ" አላት። ቀስ ብላ ደገመችለት፤ እሱም እያንዳንዱን ቃል ራሱን እየነቀነቀ ተቀበላት። ከዚህ በፊት አይታው የማታውቅ ልጅ ናት፤ ያለችውን ሁሉ አመናት።

በዚያች ልጅ ቀናሁ።