የቅዳሜው ድብ

እኔ ድብ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ። በቀሩት ቀናት ሶፋ እሠራለሁ፤ ከተማው ውስጥ ከተቀመጡት ሰዎች እኩሌቶቹ የተቀመጡት በእኔ እጅ ሥራ ላይ ነው።

ከከተማችን በላይ ያለው ደን ድብ አለበት። ተኩላም፣ እባብም፣ ልጆቿን አስከትላ መንገድ የምታቋርጥ የዱር አሳማም አትጠፋም፤ ሰውን የሚያሳስበው ግን ድቡ ነው። ስለዚህ የቅዳሜውን ሥልጠና ወስዶ ያላለፈ ሰው በእግሩ ወደ ደኑ አይገባም። አሰልጣኟ ባለቤቴ ናት። ጠዋት ክፍል ውስጥ ታስተምራለች። ስትሄዱ ድምፅ እያሰማችሁ ሂዱ፣ ድብ ድንገት የሚደርስበትን ሰው አይወድም ትላለች። ምግባችሁን ጥብቅ ክዳን ባለው ጣሳ ከታችሁ ከድንኳናችሁ አርቁት፤ ግልገል ካያችሁ እናትየዋ ሩቅ አይደለችምና ፎቶ ላንሳ ሳትሉ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ይወጣሉ፤ ያኔ እኔ ከማገዶ ቤቱ ጀርባ እመጣባቸዋለሁ።

ልብሱን የሰፋሁት ራሴ ነኝ። ላዩ አሮጌ ምንጣፍ፣ ውስጡ የሶፋ ስፖንጅ፣ ጭንቅላቱ የሞተር ሳይክል ሄልሜት። የማየው በድቡ አፍ በኩል ነው። አፉ ወደ ታች ስላዘነበለብኝ የሰው ፊት አይታየኝም፤ የሚታየኝ ከደረት በታች ያለው ነው። እጅ፣ ቀበቶ፣ ጉልበት፣ ጫማ። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፤ እኔ ጋ የገባው በአፍ ነው።

ሥራዬ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የእኛ ደን ድብ ሲመጣብህ አብዛኛውን ጊዜ ሊያስፈራራህ ነው። ከቆምክለት፣ እጅህን ዘርግተህ ዝግ ባለ ድምፅ ካናገርከው፣ አጠገብህ ደርሶ ቀጥ ይልና ይመለሳል። ከሮጥክ ግን ታዳኝ ሆንክ፤ ድብን በሩጫ የቀደመ ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አልተወለደም። ይህን ጆሮ ቶሎ ይሰማል፣ እግር ግን አይሰማም። እግርን የማሰማው እኔ ነኝ። እያጓራሁ እመጣና መሬቱ ላይ የተሰመረው ኖራ ጋ ስደርስ ቀጥ እላለሁ። የተቀጠርኩት ለመሮጥ አይደለም፣ ለመቆም ነው።

ፎቶ አንሺው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ወጣት ነው፤ መለሎ፣ ጥርሰ ፍንጭት። ድቦች ወንዝ ዳር ዓሣ ሲይዙ ሊያነሳ ተቀጥሯል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ገና ሳጓራ ጎመኑን ረጋግጦ እግሬ አውጪኝ አለ፤ አንድ ጫማው እዚያው ቀረ። ከልቤ ሳቅኩ። በሁለተኛው ቅዳሜም ሮጠ። አሁንም ሳቅኩ። ሦስተኛ ሲመጣ ግን ሳቄ ቆመ። ጢም ያበቀለ ሰው ምንጣፍ ከለበሰ ሶፋ ሠሪ ስንት ጊዜ ነው የሚሸሸው? ከመጀመራችን በፊት እኮ "ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?" ብሎ ይጨብጠኛል። ደግሞ እኔን ጋሼ፣ ባለቤቴን እህቴ! እኔና እሷ እኮ በአንድ ዓመት የተወለድን እኩዮች ነን።

ይባስ ብሎ ከሥራ ሰዓት ውጭ ታስጠናው ጀመር። ጓሮው ላይ ቆመው እሷ በእጇ እንደ ድብ እየመጣች፣ እሱ እየቆመ። ሱቄን ዘግቼ ሳልፍ ሳቃቸው ከአጥር ወዲህ ይሰማል። እኔ የምመጣው እኮ በጥርሴና በጥፍሬ ነው፤ እሷ ባዶ እጇን ስትመጣ መቆም ማን ያቅተዋል?

"ዛሬ ጥሩ ነው የቆመው" አለችን አንድ ቀን እራት ላይ፣ ፊቷ ፈክቶ።

"ማን?" አልኩ፣ ማን እንደሆነ እያወቅኩ።

"ፎቶ አንሺው ነዋ። ቅዳሜ ያልፋል።"

"ያንን ባለ ጥምዝ እግር ሶፋ ጨረስክ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ሶፋው ይሮጣል እንዴ?"

አማቴ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ሳቃቸውን በውሃ ዋጡትና "ልጄ፣ ቅናት የአጥንት ነቀዝ ነው" አሉኝ።

"የምን ቅናት፣ እማዬ? ስለ ሶፋ ነው የማወራው።"

"እሺ፣ ስለ ሶፋ" አሉና ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰልጣኞቹ ጥቂት ነበሩ። ሁሉም ቆመው አለፉ። አንዲት አስተማሪ እንዲያውም "ሂድ ወደ ቤትህ!" ብላ እንደ ተማሪዋ ተቆጣችኝና ተመለስኩላት። ፎቶ አንሺው ብቻ ቀረ። ከማገዶ ቤቱ ጥግ ሆኜ በአፌ በኩል አያለሁ። የባለቤቴ እጆች ደረቱ ላይ የቦርሳውን ማሰሪያ ያጠብቃሉ። ከዚያ ድብ ሲጠጋ ፊቱ ላይ የሚረጨውን የበርበሬ መርጫ ከቦርሳው ኪስ አውጥተው ቀበቶው ላይ ሰኩለት። ልክ ናት፤ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ መርጫ ከነጭራሹ እንደሌለ ነው፣ ለሁሉም ሰልጣኝ እንዲሁ ታደርጋለች። ለሁሉም ስታደርግ ግን እጇ ወዲያው ይመለሳል። ያን ቀን ቆየ። መዳፉን ይዛ መርጫው ላይ አስቀመጠችለትና ከላይ ጫን አደረገችው።

"አትፍራ፣ እኔ እዚሁ ነኝ" ስትል ሰማሁ።

"አንቺ ካለሽ አልሮጥም፣ እህቴ" አላት።

እኔን የሚወቅስ ካለ መጀመሪያ ልብሱን ይልበስና እዚያ ጥግ ይቁም። ሙቀቱ ራሱ ያሳብዳል። እሳት ጎርሼ ወጣሁ፤ ያን ቀን ማጓራቴ የሥራ አልነበረም። ጫማዎቹ መሬቱ ላይ ተተክለዋል። እጆቹ ተዘርግተዋል። "ተረጋጋ፣ ልነካህ አይደለም፣ መንገዴን እየሄድኩ ነው" ይለኛል፣ ልክ እንዳስተማረችው ዝግ ባለ ድምፅ። ቆመ! ከእኔ ሲሸሽ የከረመ ሰው ለእሷ ሲል ቆመ። ያበገነኝ ይኸው ነው። ኖራው አልታየኝም አልልም። ታይቶኛል። አለፍኩት።

ከነስፖንጄ ተላተምኩትና በጎኑ ወደቀ። ወዲያው በሆዱ ተገልብጦ ሁለት እጁን ማጅራቱ ላይ ቆለፈ፤ ድብ ከነካህ የሚደረገው እንዲያ ነው፣ ይህንንም አሳምሮ ተምሮታል። ባለቤቴ ሮጣ መጥታ ጆሮዬን ይዛ ጎተተችኝ። ጆሮው ተቀድዶ እጇ ላይ ቀረ።

"ቆሞ ነበር እኮ!" አለች አስተማሪዋ። "ከቆማችሁ ይቆማል አላልሽንም?"

ፎቶ አንሺው ተነስቶ ተቀመጠ፤ የእጁ አንጓ ተልጦ ደም ይዟል።

"ልብሱ ዓይኑን ሸፍኖበት ነው" አለች ባለቤቴ። "ስህተቱ የእኛ ነው፣ የናንተ አይደለም። ቆሟል፤ ልክ ነው የሠራው፤ አልፏል።" በሕይወቷ ውሸት አትወድም። ለእኔ ስትል ዋሸች፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት የሰማሁት "አልፏል" ያለችውን ብቻ ነው።

ማታ ቤት ስንገባ የጆሮውን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ኖራው ታይቶሃል" አለችኝ።

"ትወጂዋለሽ?"

"እሱን ነው የጠየቅኩህ?"

"እኔ የጠየቅኩሽን መልሺልኝ!"

"ለዚህ መልስ የለኝም፤ ጥያቄው ራሱ ያሳፍራል።" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ስማኝ። ይሄ ልጅ ሰኞ ወደ ወንዙ ይወጣል፤ ፈቃዱን ይዟል፤ ልከለክለው አልችልም። ይሄን ሁሉ ጊዜ እግሩን 'ቁም' እያልኩ ሳስተምረው ነው የከረምኩት። ዛሬ ቆመ፤ ቆሞም ተመታ። እግሩ አሁን ምን ተማረ? ድብ ቢመጣበት ምን የሚያደርግ ይመስልሃል?"

የሚያደርገውን አውቃለሁ።

"ብቻውን አልልከውም። አብሬው እወጣለሁ፣ እስከ ሐሙስ።"

"ከእሱ ጋር? ብቻችሁን?"

"ድቦቹ አሉ" አለች፣ ሳትስቅ።

"እኔ ልሂድ!"

"አንተ? በሰው ጓሮ መቆም ያቃተህ?"

አማቴ ከጓዳ ሆነው "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አሉ፤ ለማን እንዳሉት ግን አልተናገሩም።

እሑድ ስንቋን እኔ ነኝ ያሰናዳሁት። አኩርፌ ነው የሠራሁት፣ ግን ሠራሁት። ድንኳኑ ሁለት መሆኑን አየሁ፤ ቆይቼ ደግሞ ተመልሼ አየሁ። ፊሽካዋን ቦርሳዋ ማሰሪያ ላይ አሰርኩ። የመርጫዋን ቀን አነበብኩ፤ አላለፈበትም። የምግብ ጣሳውን ክዳን ጠምዝዤ ዘጋሁና ለመክፈት ታገልኩ፤ አልከፈት አለኝ፤ ደስ አለኝ። እንዲህ እንዲህ ስል ሁሉም ነገር ሙሉ ሆነ፤ የቀረው ነገር አንድ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ የሰውየው እግር። እሱን ደግሞ መቆም ያስረሳሁት እኔ ነኝ። እዚያ ላይ ድብ ቢመጣና እሱ ቢሮጥ፣ ድቡ ያሳድደዋል፤ እሷ ደግሞ ሰልጣኟን ጥላ የምትሸሽ ሴት አይደለችም። መሃል ትገባለች። የሚስቴ ነፍስ በዚያ ቀውላላ ጉልበት ላይ ተንጠልጥላለች። ቅናቱ አልለቀቀኝም፤ ፍርሃት ተደረበበት እንጂ።

ልብሱን ተሸክሜ ሄድኩና ፎቶ አንሺውን ጓሮ አስጠራሁት። እጁን በፋሻ ጠቅልሎ መጣ። ባለቤቴም ነገሩ ሳያሳስባት አልቀረም፤ ተከትላ መጥታ አጥሩን ተደግፋ ቆመች።

"ጋሼ" አለኝ፣ "ትናንት ኖራው አልታየዎትም ነበር፣ አይደል?"

"ታይቶኛል።"

እኔን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፣ ከዚያ መሬቱን። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ሄልሜቱን ገና አላጠለቅኩም ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ..."

"ተወው። ሂድና ቁም።"

ምን ሊለኝ እንደነበር እስከ አሁን አላውቅም። ለማወቅም ድፍረቱ አልነበረኝም።

መጀመሪያ ገና ከጥጉ ብቅ ስል በሩ ድረስ ሮጠ። "ተመለስ!" አልኩት። እንደገና ሮጠ። ከዚያ ኖራው ጋ ሳልደርስ ርቄ መቆም ጀመርኩ፤ ቆየት ብዬ ጠጋ እላለሁ፣ ደግሞ ጠጋ። ሁልጊዜ እቆማለሁ። እንደምቆም እግሩ እስኪያምነኝ ድረስ ስመላለስ ላቤ በስፖንጁ ውስጥ ወርዶ ጫማዬን ሞላው። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ቆመ። ኖራው ላይ ቆምኩ፤ እሱም ቆመ። ደገምን፤ ቆመ።

"አሁን ሁለታችንን" አለች ባለቤቴና ከአጥሩ ተነስታ መጣች።

ከጥጌ ሆኜ አየሁ። የእሷ ጫማ መጥቶ ቆመ። የእሱ ጫማ ፈቀቅ አለ፤ ደግሞ ፈቀቅ አለ። በመካከላቸው ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ይገባል። እኔን ፈርቶ ነው። ይህ ደግሞ ለድብ ሁለት ትናንሽ ነገር መሆን ነው፤ አንዱን መርጦ ይመጣል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንድ ትልቅ አካል እስክትመስሉ ተጣብቃችሁ ቁሙ፤ ባለቤቴ ዘወትር የምትለው ነው። ያን ቀን ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጫማዋ ወደ እሱ አልሄደም። እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። የምትጠብቀው እሱን አልነበረም።

"ተጠጋ!" አልኩ።

"ጋሼ?"

"ተጠጋት አልኩህ! ድቡ ጋሼህ አይደለም፣ አያፍርህም።"

አንድ እርምጃ መጣ።

"አሁንም! ትከሻ ለትከሻ!"

መጣ። የጃኬቱ እጅጌ እጅጌዋን ነካ። ከዚያም ሁሉ በኋላ በሁለቱ ቀበቶ መሃል ቀጭን ብርሃን ይታየኛል፤ በዚያች ብርሃን ውስጥ ኋላ ያለው አጥር ይታያል። እንደዚያች ክፍተት የወደድኩት ነገር የለም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ያቺን ክፍተት ለማቆየት የማልሰጠው ነገር አልነበረኝም።

"መሃላችሁ ብርሃን ይታየኛል" አልኩ፣ ድምፄ ሄልሜቱ ውስጥ ለራሴ እየጮኸብኝ። "ዝጉት።"

ዘጉት።

ባለ በሌለ ኃይሌ እያጓራሁ መጣሁባቸው። አራቱም ጫማ አልተነቃነቀም። ኖራው ላይ ቀጥ አልኩ። እዚያ ሆኜ የማየው የአንድ ሰው የሚያህል ሰፊ ደረት ብቻ ነው፤ የትኛው እጅ የማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ።

"ጎበዝ" አልኩት። "እስክትመለሱ ድረስ እንደዚሁ ሁኑ።"