ለጋሼ የተሰጠች ቅርንጫፍ

እናቷ ከሞተች በኋላ ልብስ ሰፊዋ ከውርስ ምን ደረሳት መሰላችሁ? አንድ የአበባ መትከያ! ቤቱን ታላቅ ወንድሟ ወሰደ፣ ዕቃውን ወሰደ፣ መጋረጃ ሳይቀር አስወለቀ። ከዛ በረንዳ ላይ የቀረችውን፣ ሃይድራንጂያ የምትባለውን አበባ ከነመትከያዋ በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ "እንቺ፣ ያንቺ ድርሻ ይቺ ናት። አበባ ትወጂ የለ?" አላት። ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች። አበባ ስላት ደግሞ አበባ እንዳይመስላችሁ፣ አምስት ደረቅ እንጨት ናት።

ልብስ ሰፊዋ ተሸክማት ሱቋ ገባች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እንጨቶቹን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ ስታደርግ የሦስቱ ውስጥ አረንጓዴ ነው። "አለሽ እንዴ!" አለቻት። ገልብጣ ስታወጣት ደግሞ ጉድ! ከመትከያው ሥር ያለው የውሃ መውጫ ቀዳዳ በስሚንቶ ተደፍኗል። በረንዳው እንዳይቆሽሽ ብሎ የደፈነው ጋሼ ወንድሟ ነዋ። ሥሯ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በስብሷል። የጠቆረውን ሥር በጨርቅ መቀሷ፣ ወረቀት እንኳን በማታስነካው መቀስ፣ ቆራርጣ ጣለች። ቀዳዳውን በምስማር አስከፈተች፣ አፈር ቀየረች፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝ መስኮት ሥር አኖረቻት። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰድዳ ካላየች ጠብታ አትሰጣትም። ደንበኞቿ "ኧረ ተያት፣ ሞታለች" ሲሏት፣

"እሱ መጥቶ ሳይለምነኝ አትሞትም" ትላለች።

በዓመቱ አበበች። ሰማያዊ፣ ጥቅል ጎመን የምታክል!

በቀሉ አሁን ይጀምራል። ቅርንጫፍ እየቆረጠች፣ ሥር እያስያዘች ታድል ጀመር። ለማን? ለወንድሟ ጎረቤቶች! ለግራው፣ ለቀኙ፣ ከፊት ለፊቱ ላለው ፀጉር አስተካካይ፣ ለገዛ አማቱ ሳይቀር። ሰውዬው በወጣ በገባ ቁጥር፣ "የእናትህ አበባ እኮ ነው፣ አንተ ጋ የለም እንዴ?" ይሉታል።

አንድ ቅዳሜ ሱቋ በር ላይ ተገተረ።

"ሱሪ ልታሳጥር ነው?"

"ኧረ አይደለም... ከዛች አበባ አንድ ቅርንጫፍ ብትሰጪኝ ብዬ።"

"እንዴት ነበር የሚባለው?"

"ምኑ?"

"ሰው ሲለምን።"

ጆሮው ቀላ። "እባክሽ እህቴ።"

ጓዳ ገባች። አንዷን ቆረጠች፣ ቅጠሏን አራገፈች፣ ከዛ ዳግም እንዳታቆጠቁጥ ውሃ በሚፍለቀለቅበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነክራ እስከ ሃያ ቆጠረች። ቀስ ብላ አደራረቀቻት። ቆርቆሮ ውስጥ ተክላ፣ ፈገግ ብላ ሰጠችው።

"ትዕግሥት ትፈልጋለች ጋሼ።"

ዓመት ሙሉ ደጇን ያልረገጠ ሰው በየቅዳሜው ይመላለስ ጀመር።

"አልበቀለችም እኮ!"

"ውሃ አብዝተህ ይሆናል።"

"በማንኪያ ነው የምሰጣት!"

"እንግዲያው አናግራት። አበባ ሲያናግሩት ይወዳል።"

"ምን ልበላት?"

"እኔ እንጃ። ይቅርታ ምናምን በላት።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፀጉር አስተካካዩ እየሮጠ መጣ።

"ስሚ! ወንድምሽ በየማለዳው በረንዳው ላይ ተንበርክኮ አንዲት እንጨት ይቅርታ ይለምናል። ሚስቱ አብዷል ብላ እያለቀሰች ነው!"

ልብስ ሰፊዋ ከአፏ መርፌዎቿን አወጣች።

"ጮክ ብሎ ነው?"

"አይ፣ በሹክሹክታ።"

"ገና ነዋ" አለችና ወደ ስፌቷ ዞረች።