የጨረቃ ኩስ

ኔሬይዳ ተሳስታለች። ስህተቷ የገባት ደግሞ የእናቷ ጓሮ በሽታ ገብቶበታል ብላ ለማኅበሩ ካሳወቀች ከሁለት ቀን በኋላ፣ አርብ ጠዋት፣ አካፋ ይዛ የሰላጣው መደብ ላይ እንደተንበረከከች ነው።

ረቡዕ ዕለት አንድ ቢጫ ነገር ሦስተኛው ሰላጣ ሥር፣ መደቡን በሸፈነው ሰጋቱራ ላይ ነበር። የተመታ እንቁላል የተደፋበት ይመስላል። በዙሪያው ስድስት የክብሪት እንጨት ሰካች፣ ፎቶ አነሳች፣ "ሥር የሚያበሰብስ ፈንገስ" ብላ ለሴቶች አትክልት አምራቾች ማኅበር ጻፈች። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በሽታ የገባበት ጓሮ ምርት ወደ ሃላፓ ከተማ የቅዳሜ ገበያ አይሄድም፣ የመሸጫ ጠረጴዛውም ተራ ለምትጠብቅ ሴት ይሰጣል። ደንቡን ያረቀቀችው ራሷ ኔሬይዳ ናት። በእርሻ ሳይንስ ከተመረቀች ገና አንድ ዓመቷ ነው። ለእናቷ አደላች እንዳትባል ቸኮለች።

አሁን ክብሪቶቹ ባዶ ቦታ ከበው ቆመዋል። ቢጫው ነገር ከሰጋቱራው ተነሥቶ፣ አንድ ክንድ ያህል ተጉዞ፣ የመደቡ ጠርዝ ጡብ ላይ ወጥቷል። ካለፈበት ሰላጣ አንድ ቅጠል እንኳ አልጠወለገም።

"ሄዷል" አለች።

"ምኑ?" አለች እናቷ ኤውላሊያ። ነገ ገበያ የላትም፤ ግን አርብ ስለሆነ ብቻ በርሜሉ አጠገብ ቁጭ ብላ ካሮት ታጥባለች።

"ፈንገሱ። ፈንገስ እኮ አይሄድም፣ እማ።"

"እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ።"

ሁለት ቀን ሙሉ ከእናቷ አፍ የወጣው ይኸው ብቻ ነው። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ኔሬይዳ አዲስ ፎቶ አንስታ ለድሮ መምህሯ ላከችና አካፋውን ጨበጠች። የሆነው ይሁን፣ ዛሬ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ይጣላል።

"ልትጥዪው ነው እንዴ?" የሚል ድምፅ ከአጥሩ ግንብ ወዲያ መጣ። ጎረቤታቸው ዶን ፊዴንሲዮ ናቸው፤ ከግንቡ በላይ የሚታየው ባርኔጣቸውና ዓይናቸው ብቻ ነው። "የማትበሉት ከሆነ ለእኔ አቀብዪኝ።"

"ምኑን ላቀብልዎ?"

"የጨረቃውን ኩስ ነዋ።"

"ዶን ፊዴንሲዮ፣ ይሄ በሽታ ነው።"

"እኔ ሰማንያ ዓመት በልቼዋለሁ። በሽታ ከሆነ በጣም ቀርፋፋ በሽታ ነው። እናትሽን ጠይቂያት እስቲ። ላይኛው መንደር ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ጣሳ ይዛ በየጉቶው ሥር የምትለቅመው የማን ልጅ ነበረች?"

የኤውላሊያ እጅ ሥራውን አላቆመም። ፊቷ ግን ቀላ።

"እውነት ነው?" አለች ኔሬይዳ።

"ያለው ሥጋ ይበላል፣ የሌለው ጨረቃ የጣለችለትን" አለች እናቷ። " ፀሐይ ሳያገኘው ነው የሚለቀመው። ካረፈደ ይደርቅና ዱቄት ይሆናል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? ስልክሽን ደቅነሽ ፎቶ ስታነሺ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ምን ልበል? 'አይ ልጄ፣ ይሄማ ኩስ ነው፣ እኛ ጠብሰን እንበላዋለን' ልበል? ማይክሮስኮፕ ላየ ሰው?"

የኔሬይዳ ስልክ ጮኸ። መምህሯ በድምፅ መልእክት መልሰዋል፤ ስትከፍተው አጠገቧ ያሉት ሁሉ ሰሙት። "ፈንገስ አይደለም። እንስሳም ተክልም አይደለም። በሰጋቱራው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ እየበላ ይሳባል፣ ጤነኛ ተክል አይነካም። በጥቂት ቀን ራሱ ደርቆ ይበናል። ሁለተኛ ዓመት ላይ አስተምሬያችሁ ነበር፤ ያን ቀን ቀርተሽ ነው?"

አልቀረችም ነበር። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ በደብተሯ ጽፋዋለች። ፈተና ላይ ስላልመጣ ረሳችው።

"ይሄንን ለማወቅ ነው አምስት ዓመት?" አሉ ዶን ፊዴንሲዮ።

ኤውላሊያ ሳቋ አመለጣት። ልታፍነው ሞክራ ስላልቻለች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተነሣች። ኔሬይዳም ሳትወድ ሳቀች።

ቢጫውን ነገር ከጡቡ ላይ በቢላዋ ገፋ ገፋ አድርጋ ያነሳችው እናቷ ናት። እኩሌታውን በሳህን በግንቡ ላይ አቀበለች። የቀረውን ይዛ ወጥ ቤት ገባች፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፋ በዘይት አቁላላችና ጨመረችው። በትኩስ ቶርቲያ፣ በስስ የበቆሎ ቂጣ፣ ጠቅልላ ለልጇ ሰጠቻት። እንቁላል እንቁላል ይላል፣ ትንሽም እንጉዳይ። ኔሬይዳ ድገሚኝ አለች።

"አሁን ስሚኝ" አለች ኤውላሊያ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች። "እኩለ ቀን ላይ የማኅበሩ ሴቶች ተሰብስበው ጠረጴዛዬን ለሌላ ሊሰጡ ነው። ሊቀመንበሯ ዘንድ ደውዪ። ኖራ ነሰነስንበት፣ ዳነ በያት። ያንቺም ስም ይተርፋል፣ የእኔም ጠረጴዛ።"

ጥሩ ውሸት ነው። የሚጠራጠር የለም። ኔሬይዳ የሊቀመንበሯን የዶኛ ፕራክሴዲስን ቁጥር አወጣች፤ ጣቷ ግን እላዩ ላይ ቆመ። ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ፣ ታርሲላ፣ ትዝ አለቻት። ሰኔ ላይ እንዲህ ያለ ቢጫ ነገር የታርሲላ ቆስጣ ላይ ወጥቶ፣ ኔሬይዳ ሙሉውን መደብ ነቅለሽ አቃጥዪ ብላ አዝዛት ነበር። ጠረጴዛዋም በዚያው ሄደ።

"የታርሲላም ይሄው ነበር" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እሷስ አላወቀችም ነበር?"

"እሷም የላይኛው መንደር ልጅ አይደለች? ታውቃለች እንጂ። ተመራቂዋ ካለች ምን ይባላል ብላ አቃጠለችው።" ኤውላሊያ መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደች። "እሱ ያለፈ ነገር ነው። አሁን ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፣ አልተራበችም። አትቀስቅሺው።"

"ኖራ አዳነው ካልኩ፣ በሚቀጥለው ዝናብ አሥራ ሰባቱም የማኅበሩ ሴቶች ኖራ ሊነሰንሱ ነው።"

"ይነስንሱ። ኖራ ርካሽ ነው።"

"እማ።"

"ይስቁብሻል እኮ። ፕራክሴዲስን አታውቂያትም? እስከ ገና ድረስ መሳቂያ ታደርግሻለች።"

"እስከ ፋሲካ ታድርገኝ።"

ኤውላሊያ ልጇን አየቻት። ኔሬይዳ ስልኩን ኪሷ ከተተችና የጫማዋን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረች።

"ስብሰባው ገና ነው፣ ወዴት ነው?"

"ታርሲላ ቤት። ለእሷ ሳልነግር ለእነሱ አልናገርም። ከፈለገች አብረን እንገባለን።"

"በር ባትከፍትልሽስ?"

"እንጃ። ትከፍትልኝ እንደሆን አንኳኩቼ አያለሁ።"

"መጀመሪያ ይቅርታ በያት። ባክቴሪያ ምናምን እያልሽ እንዳትጀምሪ።"

"እሺ።"

ኔሬይዳ ወጣች። ዝናቡ ያሳበጠው በር አልገጥም ብሎ ነበርና፣ በሁለት እጇ ስባ ዘጋችው።